ስም፣ ሥራ፣ አድራሻ፦ ለልጄ ለዘይና ስለተሰጠው ሽልማት

ሚያዝያ 19 ቀን 1980 ዓ.ም.
ከሚሴ

ለተከበሩ ጓድ ደረሰ አንበርብር
የሕፃናት የሙያ ትውውቅ አስተባባሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሽልማት ስለ መመለስና ለግብዣው መልስ ስለ መስጠት

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ሾፌርዎና ላንድሮቨርዎ ሁሉም ደህና ናቸው ወይ? በተለይ የዓይንዎንና የሳልዎን ነገር ለማወቅ እጓጓለሁ፤ መጋቢት 13 ቀን በአባቴ ግቢ የተለኮሰውን የበርበሬ ጭስ ነፋስ ገልብጦት ጥቂቱ ወደ እርስዎ ስለዞረ፣ በነጭ መሐረብ ዓይንዎን ሲያብሱ አይቻለሁ። በዚያች ሰዓት ሁለት ሰዎች ጀርባዬ ላይ ተቀምጠውብኝ ነበር እንጂ፣ ጠጋ ብዬ አይዞዎት ባልኩዎት ነበር።

እኔ ቃሲም አብደላ እባላለሁ። ከመንግሥት ጽሕፈት ቤቶቹ አጥር ውጭ፣ ከዋርካው ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለሕዝቡ ማመልከቻ ስጽፍ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። መሬቱ የተነጠቀ፣ በሬው የተሰረቀበት፣ ባሏ የጠፋባት፣ ልጁ የታሰረበት ሁሉ በእኔ ብዕር "ለክቡርነትዎ" ሲል ኖሯል፤ ዘመን ሲለወጥም በዚያው ብዕር "ለጓድነትዎ" ብሏል። ስለ ራሴ ጉዳይ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ስሕተት ቢገኝብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወሩም ረመዳን ነው። ጾመኛ ክፉ ቃል ከአፉ ማውጣት አይገባውምና፣ ስድብ በሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ ምስጋና ጽፌያለሁ፤ እርስዎ እንደሚመችዎ አድርገው ያንብቡት።

ክብ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ልጄ ዘይና ቃሲም፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ በመጪው ሚያዝያ 23 ቀን በሚከበረው የላብ አደሮች በዓል ካኪ ለብሳ፣ ቀይ ስካርፍ አስራ፣ መድረክ ላይ ወጥታ በሙያ ትውውቁ ዕለት የሰጠችውን መልስ ለተሰበሰበው ሕዝብ እንድትደግም፣ እኔም በሰዓቱ እንዳቀርባት ታዝዣለሁ። ደብዳቤው "ለሌሎች ሕፃናት አርአያ የሚሆን አብዮታዊ ግልጽነት" ይላል። ያማረ አጻጻፍ ነው፤ የሙያ ባልደረባ ስለሆንኩ አደነቅሁት። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን ኮሚቴዎ ለልጆቻችን የዋለውን ውለታ በተራ በተራ ማመስገን ይገባኛል። ልጅቱ መድረክ ላይ ምን እንድትደግም እንደተፈለገ ሕዝቡም ይወቀው ብዬ ደብዳቤዬን ግልጽ አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፣ ለሕፃናት የሥራ ዓይነቶችን ማስተዋወቅ የተባረከ ሐሳብ መሆኑን እመሰክራለሁ። የእኛ ልጆች የሚያውቁት ማሽላ መዝራት፣ ከብት መጠበቅና ሰንበቴ ገበያ ወርዶ መነገድ ነው። ስለዚህ በዚያ ማክሰኞ፣ መጋቢት 13 ቀን፣ ጤና ረዳት፣ ትራክተር ነጂና የፖስታ ሠራተኛ ወደ ትምህርት ቤቱ ሊመጡ ነው ሲባል፣ ዘይና ደስታዋን አልቻለችውም፤ እናቷን ኡምኩልሱምን ጸጉሯን ሁለት ጊዜ አፍርሳ እንድትሠራት አደረገቻት። ጤና ረዳቱ መርፌውን አሳይተው ሕፃናቱን አስለቀሱ፤ ትራክተር ነጂው የሞተሩን ድምፅ በአፋቸው እያሰሙ አሳቋቸው። እስከዚህ ድረስ ማንም ምንም አልሆነም።

ከዚያ በፖስታ ሠራተኛው ፈንታ ያመጧቸው ሃምሳ አለቃ ሙያቸውን በቃል ማስረዳት አልበቃቸው ብሎ፣ ጠላት እንዴት እንደሚያዝ ሊያሳዩ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ አብዶን ጠሩት። አብዶ ስድሳ ያለፈው፣ ደወል የሚደውል ሰው ነው። ጠላት ሁን ሲሉት ጨዋታ መስሎት ሳቀ። በሰደፍ አፉን ሲሉት ሁለት ጥርሱ አቧራው ላይ ወደቀ፤ በጫማቸው አንገቱን ረግጠው "የጠላት ቦታ ይህ ነው" ካሉ በኋላ፣ እርስዎ ሕፃናቱ እንዲያጨበጭቡ አዘዙ፤ አጨበጨቡም። አብዶ ዛሬም ደወሉን ይደውላል፤ ልጆቹ ግን ቀና ብለው አያዩትም፣ እሱም አያያቸውም።

ሁለተኛ፣ ከዚህ ቀጥሎ እርስዎ በራስዎ አንደበት ለሕፃናቱ ላቀረቡት ጥያቄ አመሰግናለሁ። አባታችሁ ምን ይሠራል፣ እናታችሁስ፣ ታላቅ ወንድማችሁስ፣ ብለው እየዞሩ ጠየቁ። ከኅዳሩ የውትድርና አፈሳ ወዲህ በዚህ አገር የልጆች ታላላቅ ወንድሞች በሚያስገርም ሁኔታ ሞተው አልቀዋል፤ ለሕፃን ወንድሙ መሞቱ የሚነገረው ከሀሁ በፊት ነው። ከዘይና ጎን የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ልጅ አራት ወንድሞቿን በአንድ ትንፋሽ ገድላ፣ "አላህ ይርሐማቸው" ብላ ተቀመጠች። መሞታቸውን እኔም እመሰክራለሁ፤ የአራቱንም ሰደቃ በልቻለሁ፣ ሲጠይቁኝም እምላለሁ።

የእኔ ቤት ግን የወረቀት ቤት ነው። ማንኛውም ማመልከቻ በሦስት ነገር እንደሚጀምር፣ ስም፣ ሥራ፣ አድራሻ፣ አንዱ ከጎደለ ከመስኮቱ ተወርውሮ እንደሚመለስ፣ ለዘይና ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ጠረጴዛዬ ሥር አስቀምጬ አስተምሬያታለሁ። ጨዋታችን ነበር። "ድመቷስ?" ስላት ስሟን፣ ሥራዋን፣ አድራሻዋን ትነግረኛለች። ባለጉዳዮቼ ይስቁላታል፤ እኔም ደረቴን እነፋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ተራዋ ሲደርስ ተነስታ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ እንዲህ አለች፦ "ወንድሜ ሲራጅ ቃሲም ይባላል። ሥራው የአያቴን ማሽላ መጠበቅ ነው። አድራሻው የአያቴ የአብደላ ግቢ፣ ከበረቱ በስተግራ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ነው።" አንድም አልጎደለባትም። እርስዎም "ጎበዝ!" አሉ። ጎበዝ ያሰኛት እኔ ነኝ።

ሲራጅ አሥራ ሰባት ዓመቱ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበር። አብረውት ኳስ የሚጫወቱ ስድስት ልጆች በኅዳር ከገበያ ተጭነው ሄደው የአንዳቸውም ደብዳቤ አልመጣም፤ ደብዳቤ ቢመጣ የማነብላቸው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ስለዚህ ለአያቱ ማሽላ ከተቆፈሩት ጉድጓዶች ባዶ በሆነው፣ አፉ በአገዳ ብቻ በተሸፈነው ውስጥ፣ አብዮት ጠባቂ በመጣ ቁጥር እየገባ፣ በሄደ ቁጥር እየወጣ አራት ወር ከረመ። ወንጀሉ ይህ ነው። ማቃለያ የለኝም፤ ልጄ እንዲኖር ፈልጌ ነበር።

ሦስተኛ፣ ትምህርት በቃል ብቻ እንዳይቀር "ተግባራዊ ትምህርት" ብለው አርባ አንዱንም ሕፃናት ደብተር አስይዘው፣ አሰልፈው፣ እያዘመሩ ወደ ጨፋ በኩል ወደ አባቴ ግቢ ስለ ወሰዷቸው አመሰግናለሁ። መምህርት ረቢአ በሩ ላይ ቆማ ልጆቹ ፈተና አለባቸው፣ አይወጡም ብላ ነበር። ይቺ ሴት ደመወዟን የምትቀበለው ከመንግሥት መሆኑን ያስታወሷት ሃምሳ አለቃው ናቸው፤ በጥፊ ሲያስታውሷት ከጥቁር ሰሌዳው ጋር ተጋጭታ ግንባሯ ተተረተረ። ደሟን በነጠላዋ ይዛ ከልጆቹ ኋላ ተከተለች። ዘይናን እጇን ያዘቻት። ጉድጓዱ ዘንድ እስክደርስ የሆነውን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በዓይኔ ያየሁት ነው።

አራተኛ፣ ምስጋና ሳይጎድል መቅረብ አለበትና፣ ስለ ጉድጓዱ አመሰግናለሁ።

ስለ እኛ አገር የእህል ጉድጓድ ኮሚቴዎ ባያውቅ አልፈርድም። የምናውቅ ሰዎች ግን በዚያ ግቢ ሞልተን ነበር። የታፈነ ጉድጓድ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ሲከፈት አፉ በጋቢ ይራገባል፤ ቀጥሎ የበራ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል፤ ኩራዙ ከጠፋ ይጠበቃል፤ ካልጠፋ ብቻ ሰው ይገባል። ይህም ሙያ ነው፤ ጉድጓድ ከፋች ይባላል። አባቴ አብደላ ሰባ ዓመት አልፎት እንኳ ከጨፋ እስከ ሰንበቴ ጉድጓድ ሲከፈት የሚጠራው እሱ ነው። በሙያ ትውውቅዎ ላይ ሳይጋበዝ ቀርቶ ነበር፤ በገዛ ግቢው ጋበዙት።

ሃምሳ አለቃው ሲራጅን ሁለት ጊዜ ጠርተው እሺ ባላለ ጊዜ፣ ከእናቴ ከእማማ ኡሚ ጓዳ የወጣውን አንድ ቁና በርበሬ ከደረቅ አገዳ ጋር አስለኩሰው ወደ ውስጥ አስጣሉ፤ ከዚያ የጉድጓዱን ድንጋይ አስገጠሙበት። አባቴ ድንጋዩ ላይ ተኛበት። "ሂን ጩፊና! አትዝጉ! ያ ጀመዓ አትዝጉ!" እያለ በኦሮምኛም በአማርኛም ነገራቸው፤ እንዳልገባቸው ማንም ሊያስተባብል አይችልም። ዘይኑ የሚባለው አብዮት ጠባቂ ትከሻውን በሰደፍ ሲመታውና አጥንቱ ሲሰበር እኔ ከአጥሩ ሰማሁት። የምደርስበት ሰዓት ይኸው ነበር። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጥለውኝ ጀርባዬ ላይ ተቀመጡ፤ አፌ አፈር ሞላ። ከድንጋዩ ሥር ሲራጅ ሲያስል፣ ቀጥሎ ሲቧጥጥ፣ ቀጥሎ ስሜን ሲጠራ ሰማሁት። "አባ" አይደለም ያለው፤ ትንሽ ሳለ እንደሚጠራኝ "ቃሲሜ" አለኝ። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ሲል እርስዎ ሰዓትዎን ተመለከቱ።

ድንጋዩ ሲነሳ ሃምሳ አለቃው ያንን ወንበዴ ጎትተህ አውጣ ብለው ዘይኑን አዘዙት። ዘይኑ አብዮት ጥበቃ ይሁን እንጂ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ጉድጓድ ያውቃል። "ይጠበቅ፣ ኩራዝ ይውረድ" አላቸው። አፈሙዙን ማጅራቱ ላይ ሲያደርጉበት ገባ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ የእርስዎ ጅብ ግን ሌላውን ያስነክሳል። ዘይኑ እንደገባ ወደቀ፣ ድምፁም ጠፋ። ያን ጊዜ ሃምሳ አለቃው ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሸሹ፤ እርስዎ ደግሞ ከሃምሳ አለቃው ኋላ ቆሙ።

አርባ አንዱ ሕፃናት በእውነት የሙያ ትውውቅ ያዩት ከዚህ በኋላ ነው። አባቴ አንድ ክንዱ ተንጠልጥሎ፣ በሌላው ጋቢውን አውልቆ የጉድጓዱን አፍ አራገበ። ኩራዝ አስለኮሰና አወረደ፤ ጠፋ። እንደገና አራገበ። የልጅ ልጁ ውስጥ እንዳለ እያወቀ፣ እኔ "ግባ!" ብዬ እየጮህኩበት፣ እንደ ሙያው ጠበቀ። ሁለተኛው ኩራዝ አልጠፋም። ሰዎች በገመድ አውርደውት መጀመሪያ ያሰረው ዘይኑን ነው፤ ትንፋሽ ነበረውና። ትከሻውን የሰበረበትን ጓድ በሕይወት አስወጣው። ቀጥሎ የእኔን ልጅ አሰረ። ሲራጅ ሲወጣ የአሥሩም ጣቶቹ ጥፍር ድንጋዩን ቧጥጦ ተነቅሎ፣ አፉ በማሽላ ገለባ ተሞልቶ ነበር። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

አምስተኛ፣ ስለ ሽልማቱ። ሌላ ሰው ቢሆን ሕፃናቱን ቶሎ ይመልስ ነበር፤ እርስዎ ግን መርሐ ግብርዎ ሳይፈጸም መሄድ አልወደዱም። ኡምኩልሱም የልጇን ፊት በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ሳለ፣ ከእሷ አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ዘይናን ከመምህርት ረቢአ እጅ ነጥቀው፣ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተርና አንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ ሰጧት። ጭብጨባ አዘዙ። ሕፃናቱ በጠዋቱ ተምረውታልና አጨበጨቡ። ጠባቂዎቹ ከጀርባዬ ተነስተው ነበርና፣ ያን ጊዜ እጄ ውስጥ ድንጋይ ነበር። ያልወረወርኩት ልጅቷ ከፊትዎ ስለቆመች ብቻ መሆኑን ለማኅደርዎ ይሁን ብዬ እገልጻለሁ።

ከዚያ ዕለት ወዲህ ሠላሳ ስድስት ቀን ሆኗል፤ ዘይና አንዲት ቃል አልተናገረችም። ውኃ ስትፈልግ ታመለክታለች። ስሟን ስጠራ ታየኛለች። ሼሁ ቁርአን ቀሩላት፣ ጤና ረዳቱ ጉሮሮዋን አይተው ምንም የለም አሉ። ልክ ናቸው፤ ጉሮሮዋ ደህና ነው። መናገር ሰው እንደሚገድል በተግባራዊ ትምህርት ስለተማረች ነው የተወችው። እንግዲህ መድረክ ላይ ትደግም የተባለችው ይህች ልጅ ናት። ባትናገር እንደሚያናግሯት አልጠራጠርም፤ የአብዶን ጥርስ አይቻለሁ።

ስለዚህ ለግብዣዎ መልሴ ይኸውና፦ ልጄን አላቀርባትም። የወደድኩትን ሁሉ ከእርስዎ መዝገብ ለማውጣት ፈልጌ አንድ ቀርቶኝ ነበር፤ እሷንም አውጥቻታለሁ። ከእናቷ ጋር ሄዳለች። ከከሚሴ የሚነሳው አውቶቡስ ወደ ደሴም ወደ አዲስ አበባም ይሄዳል፤ ሰንበቴ ገበያ ላይ ግመልም በቅሎም ሞልቷል፤ የአላህ ምድር ሰፊ ነው። እኔ የቀረሁት የአባቴ ትከሻ ገና ስላልገጠመና የሲራጅን መቃብር ብቻውን ትቼ ለመሄድ ልቤ ስላልቆረጠ ነው። ደግሞም አንድ ሰው አድራሻው ላይ መገኘት አለበት። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ አንድም መስመር ባዶ የተውኩበት ማመልከቻ የለም፤ ዛሬ አንድ ትቻለሁ፣ ከጻፍኩት ሁሉ የምኮራበትም እሱ ነው።

ጓድ ሊቀመንበር፣ በታላቅ አክብሮት እጠላዎታለሁ። ይህ ስድብ ስላልሆነ ጾሜን አያፈርስብኝም። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላልና፣ እርስዎም እስኪያስታውሱ ድረስ እንዲኖሩ አጥብቄ እፈልጋለሁ። ዓይንዎን በቀዝቃዛ ውኃ ይጠቡ፤ ማር ለሳል ጥሩ ነው። ሕፃናት ያለቀሱበት፣ ሽማግሌ የተሰበረበት፣ አንድ ለጋ ልጅ ስሜን እየጠራ የታፈነበት መርሐ ግብርዎ በተያዘለት ሰዓት ስለተጠናቀቀ እንኳን ደስ ያለዎት እያልኩ፣ በዋርካው ሥር ሁልጊዜ የማይታጣው ታዛዥዎ፣

ስም፦ ቃሲም አብደላ
ሥራ፦ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ የሲራጅ አባት
አድራሻ፦ ከሚሴ፣ ከጽሕፈት ቤቶቹ አጥር ውጭ፣ ከዋርካው ሥር፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ

ስም፦ ዘይና ቃሲም
ሥራ፦ በማስታወሻው ላይ ተገልጿል
አድራሻ፦

አባሪ፦ አንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ፤ ይህንን ደብዳቤና አራት ቅጂውን ጽፎ ቀለሙ ስላለቀ ቀፎው ብቻ። ወረቀቱም ከሽልማቱ ደብተር የተገነጠለ ስለሆነ፣ ከአንድ ገጽ በቀር ንብረትዎ በሙሉ ተመልሶልዎታል።

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለመስጊዱ በር
ለአውቶቡስ ማቆሚያው ሻይ ቤት
ለሲራጅ ቃሲም፣ ከድንጋዩ ሥር

ማስታወሻ፦ ከደብተሩ ያልመለስኩት የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው። ኮሚቴዎ እዚያ ላይ "ሳድግ ምን መሆን እፈልጋለሁ?" የሚል ጥያቄ አሳትሞበታል። ዘይና ከመሄዷ በፊት አንብባ፣ ብዙ አስባ፣ በገዛ እጇ "ጉድጓድ ከፋች" ብላ ሞልታዋለች። እንግዲህ አንድ ቀን እርስዎም ጉድጓድ ውስጥ ቢወድቁ አይፍሩ፤ የአያቷ ልጅ ናትና አራግባ፣ ኩራዝ አውርዳ፣ እንደ ሙያው ጠብቃ ታወጣዎታለች። እኔ ቀድሜ ከደረስኩ ግን ድንጋዩን እመልሰዋለሁ።